ዩፒኤስ መግዛት ለምታስቡ፦ የመስመራችሁን ጠባይ ከማወቅ እስከ ባትሪ መቀየር

መብራት ሲጠፋ እናዝናለን። ሲመጣ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ድምፅ "መጣ!" ብለው ይጮኻሉ። እኔ ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ ግን የምፈራው መጥፋቱን ሳይሆን መምጣቱን ነው። የተቃጠለ ፓወር ሰፕላይ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ክፍል)፣ የማይነሳ ሃርድ ዲስክ፣ የከሰለ ማዘርቦርድ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ስጠይቅ ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ መብራት ሄዶ ነበር፣ ተመለሰ፣ ብልጭ ድርግም አለ፣ ጧ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ አለቀ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መብራት ሲሄድ ተነስቶ ዕቃውን ከሶኬት የሚነቅል ሰው የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በተመለሰበት ቅጽበት የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ቦይለር፣ ምድጃና ምጣድ ሁሉ አንድ ላይ መሳብ ይጀምራል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። መስመሩ ይሰምጣል፣ ከዚያ ይዘላል፣ አንዳንዴም መልሶ ጠፍቶ እንደገና ይመጣል። ኮምፒውተራችሁ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይመታል። ዩፒኤስ በግድግዳውና በኮምፒውተሩ መካከል የሚቀመጥ፣ መብራት ሲጠፋ ውስጡ ባለው ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆያችሁ ሳጥን ነው።

የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ "ከእንግዲህ ዩፒኤስ ምን ያደርጋል?" ያሉኝ ደንበኞች ነበሩ። ግድቡ 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ከዚያ እስከ እናንተ ሶኬት ግን ሰብስቴሽን አለ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር አለ፣ ምሰሶ አለ፣ ከቆጣሪ ወደ ቤት የገባች ሽቦ አለች። ዛፍ የሚነካው፣ ዝናብ የሚመታው፣ ቋጠሮው የሚላላው ይሄኛው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ዩፒኤስ የሚጠብቃችሁም ከዚሁ ነው።

ታዲያ ሱቅ ገብቶ "ጥሩ ዩፒኤስ ስጠኝ" ማለት ፋርማሲ ገብቶ "ጥሩ መድኃኒት ስጠኝ" እንደማለት ነው። መጀመሪያ በሽታው ይታወቅ።

ደረጃ 1፦ መስመራችሁን ለኩ

የአገራችን የቤት መስመር 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ይሄ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ሶኬታችሁ ላይ ያለውን ለማወቅ ርካሽ ዲጂታል መልቲሜትር ይበቃል። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ቮልቴጅ በቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ዕቃም አለ፣ ሽቦ መንካት ለሚፈራ ሰው እሱ ይሻላል።

ለአንድ ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ለኩና ጻፉ፦ ጠዋት፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ፣ እና ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ሁሉም ቤት ምድጃ ሲለኩስ። ጎረቤት እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ካለ ያንን ቀን አትዝለሉት። ቁጥሩ ከ205 እስከ 235 እየተመላለሰ ከሆነ መስመራችሁ ደህና ነው፣ ችግራችሁ መጥፋቱ ብቻ ነው። ማታ ማታ ወደ 180 እና 170 የሚወርድ ከሆነ ደካማ መስመር ላይ ናችሁ። ከ245 በላይ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዕቃ የሚበላ መስመር ነው።

አንድ ምልክት ግን ከዚህ ሁሉ ለብቻው ላስቀምጥ። አምፖላችሁ ድንገት ከወትሮው በላይ ፏ ካለ፣ የጎረቤት ደግሞ ከደበዘዘ፣ ወይም በራሳችሁ ቤት አንዱ ክፍል እየደመቀ ሌላው እየፈዘዘ ከሆነ፣ ምንም ሳታስቡ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ይሄ አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራል የሚባለው የመመለሻ ሽቦ ተበጥሶ ወይም ላልቶ ነው። ለሰፈሩ ኤሌክትሪክ የሚያመጡት ሦስቱ ሽቦዎች፣ ፌዞች የሚባሉት፣ እርስ በርሳቸው 380 ቮልት ናቸው፤ ኒውትራል ሲበጠስ አንድ ቤት ውስጥ ያለው 220 ወደዚያ ቁጥር ሊያሻቅብ ይችላል። ተራ ዩፒኤስ ይሄን አይችለውም፣ ራሱም ይቃጠላል። ለዚህ መከላከያው ብሬከር ሳጥን ውስጥ የሚገባ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው፤ ቮልቴጁ ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ወይም ሲያንስ የቤቱን መስመር ይቆርጣል፣ ሲስተካከል ደግሞ ትንሽ ጠብቆ ይመልሰዋል። ኤሌክትሪሻን ያስገባላችሁ። ዩፒኤስ ብትገዙም ባትገዙም ይሄን ብታደርጉ ደስ ይለኛል፣ ፍሪጁንም ቴሌቪዥኑንም አንድ ላይ ያድናልና።

ደረጃ 2፦ ሦስቱን ዓይነቶች ለዩ

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጥቁር ሳጥን ነው፣ ከውጭ አይለይም። ውስጣቸው ግን በጣም ይለያያል።

የመጀመሪያው ኦፍላይን ወይም ስታንድባይ የሚባለው ነው። መብራት እያለ ከግድግዳው የመጣውን እንዳለ ያሳልፋል፤ ባትሪውን እየሞላ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መብራት ሲጠፋ ውስጡ ያለች ሪሌ የምትባል በራሷ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ወደ ባትሪ ታዞረዋለች። ይሄ ከ4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ኮምፒውተሩ በዚህች ክፍተት ለምን አይጠፋም ያላችሁ እንደሆነ፣ ደህና የዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ክምችት ሙሉ ጭነት ላይ እንኳ 16 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መቆየት እንዲችል ሆኖ ስለሚሠራ ነው። ጥራት የሌለው ወይም ያረጀ ፓወር ሰፕላይ ግን ይቺን አይችልም። ዩፒኤስ እያለ ኮምፒውተሬ ሪስታርት አደረገ የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ዩፒኤሱን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ ነው።

የኦፍላይን ትልቁ ድክመት ሌላ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ማስተካከያ የለውም፤ የሚያውቀው መፍትሔ ወደ ባትሪ መዞር ብቻ ነው። መስመራችሁ ማታ ማታ 170 የሚሆን ከሆነ ዩፒኤሱ በየማታው ባትሪ ይበላል፣ ሳይሞላ ደግሞ ይበላል። አንድ የሒሳብ ቢሮ እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ። ባትሪው ዓመት ሳይሞላው አልቋል፣ ማንም አላወቀም፣ ምክንያቱም አረንጓዴዋ መብራት እየበራች ነበር። ሐምሌ ላይ፣ ዓመቱን ዘግተው ግብር ለማሳወቅ ሲሯሯጡ፣ ዝናብ እየዘነበ መብራቱ እልም አለ። ዩፒኤሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጮኽ አብሮ ሞተ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ፋይል ተበላሸ፣ ባክአፑ ደግሞ የቆየ ነበር፣ ሁለት ሳምንት እንደገና ደረሰኝ ሲያስገቡ ከረሙ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ስታለቅስ አይቻለሁና ይሄን ጽሑፍ ስጽፍ እሷን እያሰብኩ ነው።

ሁለተኛው ላይን ኢንተራክቲቭ ነው። ይሄኛው ኤቪአር የሚባል የቮልቴጅ ማስተካከያ አለው። ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር በርከት ያሉ መውጫዎች ስላሉት፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ወደ ከፍተኛው፣ ሲወጣ ወደ ዝቅተኛው መውጫ እያዘዋወረ ባትሪውን ሳይነካ ያስተካክላል። ማታ ማታ ከጥግ "ቀጭ… ቀጭ" የምትል ድምፅ ከሰማችሁ ሥራውን እየሠራ ነው፣ አትደንግጡ። ብዙዎቹ ከ160ዎቹ እስከ 290 ቮልት ድረስ ያለባትሪ ይሸከማሉ፤ ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ወይም ማንዋሉ ላይ ስለሚጻፍ በደረጃ 1 ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩት። የሚዞርበት ፍጥነትም ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። ለቤት፣ ለአነስተኛ ቢሮ፣ ለስቴሽነሪ፣ ለፕሌይስቴሽን ቤት እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። ከኦፍላይኑ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት በባትሪ ዕድሜ ይመለሳል።

ሦስተኛው ኦንላይን፣ ደብል ኮንቨርዥን የሚባለው ነው። ከግድግዳ የመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ቀጥተኛ ይለውጠዋል፣ ከዚያ እንደገና አዲስ 220 ቮልት 50 ሄርዝ አድርጎ ይሠራዋል። ዕቃችሁ የሚጠጣው የወንዙን ውኃ ሳይሆን ተጣርቶ ጋን ውስጥ የተጠራቀመውን ነው ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ መዞር የሚባል ነገር የለም፣ ክፍተቱ ዜሮ ነው። ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፣ ማራገቢያው ሁልጊዜ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ለራሱም ትንሽ ኤሌክትሪክ ይበላል። ሰርቨር፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ፣ ከጀነሬተር ጋር የሚሠራ ቢሮ ካላችሁ ገንዘቡ አይቆጫችሁም። ለአንድ ዴስክቶፕ ግን አያስፈልግም።

ሻጩ "ኦንላይን ነው" ካላችሁ አጣሩ፣ ቃሉን በዘፈቀደ የሚጠቀሙበት ሻጮች አሉ። አይኢሲ 62040-3 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሦስቱን በምህጻረ ቃል ለይቷቸዋል፦ ኦፍላይኑ ቪኤፍዲ፣ ላይን ኢንተራክቲቩ ቪአይ፣ እውነተኛው ኦንላይን ቪኤፍአይ ነው። የዕቃው ዝርዝር ላይ እነዚህን ፊደላት ፈልጉ። የሚዞርበት ጊዜ ከዜሮ ሌላ ቁጥር ከተጻፈበትም ኦንላይን አይደለም።

ከዓይነቱ ሌላ የሞገዱ ቅርጽም አለ። ርካሾቹ ባትሪ ላይ ሲሆኑ የሚያወጡት ደረጃ ደረጃ ያለው ሞገድ ነው፤ ውዶቹ እንደ መስመሩ ለስላሳ የሆነ ፒዩር ሳይን ዌቭ ያወጣሉ። ለራውተር፣ ለላፕቶፕ ቻርጀርና ለተራ ዴስክቶፕ ደረጃ ያለውም ይሠራል። አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚል የተጻፈበት ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ያለው ጌሚንግ ወይም የቪዲዮ ኤዲቲንግ ኮምፒውተር ግን አንዳንዴ በዚህ ሞገድ ተቸግሮ ይጠፋል፤ ለእሱ ፒዩር ሳይን ዌቭ ግዙ። ሞተር ያለው ነገርም ደረጃ ያለውን ሞገድ አይወድም፣ ይጮኻል፣ ይሞቃል።

ደረጃ 3፦ ጭነታችሁን ደምሩ፣ በዋት

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ቪኤ (ቮልት-አምፒር) ነው። ዕቃችሁ የሚበላው ግን በዋት ነው የሚቆጠረው። ርካሽ ዩፒኤሶች ላይ ዋቱ ከቪኤው 60 በመቶ አካባቢ ነው፦ 650 ቪኤ የተባለው 390 ዋት ወይም ትንሽ ያነሰ፣ 1500 ቪኤ የተባለው 900 ዋት አካባቢ። ዋቱ በትንሽ ፊደል ጀርባው ላይ ስላለ አዙራችሁ አንብቡት።

ለግምት እንዲረዳችሁ፣ ተራ የቢሮ ዴስክቶፕ ከ80 እስከ 150 ዋት፣ ሞኒተር ከ20 እስከ 30፣ ላፕቶፕ ከ45 እስከ 65፣ ራውተር ከ6 እስከ 12 ይወስዳል። ግራፊክስ ካርድ ያለው ጌሚንግ ኮምፒውተር ጨዋታ ላይ 400 ዋት ቢደርስ አይግረማችሁ።

አሁን ያንን የሒሳብ ቢሮ እንውሰድ። ሁለት ዴስክቶፕ በ120 ዋት 240፣ ሁለት ሞኒተር 50፣ ራውተርና ስዊች (የቢሮውን ኮምፒውተሮች በኬብል የሚያገናኘው ሳጥን) 20፣ ድምሩ 310 ዋት። ሩብ ያህል መተንፈሻ ጨምሩበት፣ 390 ገደማ ይሆናል። 650 ቪኤው ልክ ጫፍ ላይ ያርፋል፣ ስለዚህ አይሆንም። 600 ዋት የሚሰጥ 1000 ቪኤ ይገዛሉ።

ሌላም ነገር አለ፣ ማንም ሻጭ አይነግራችሁም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ በደንብ አይቀዘቅዝም። ዩፒኤስ የተጻፈበትን ሙሉ አቅም እንዲሰጥ የሚጠበቀው በመስፈርቱ መሠረት እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አምራቹ ማንዋሉ ላይ ሌላ ካልጻፈ በእኛ ከፍታ 10 በመቶ አካባቢ ቀንሱለት። ደብረ ብርሃን ላይ ያላችሁ ትንሽ ጨምሩ። ለዚህ ነው መተንፈሻውን አትሰስቱ የምለው።

ደረጃ 4፦ ስንት ደቂቃ እንደሚያቆያችሁ አስሉ

ትንንሾቹ ዩፒኤሶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው አንድ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት። "እንግዲያው 84 ዋት ለአንድ ሰዓት ያቆየኛል" እንዳትሉ፤ የሊድ አሲድ ባትሪ በፍጥነት ሲሳብ የሚሰጠው ይቀንሳል፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ 220 ቮልት የሚለውጠው ኢንቨርተርም የራሱን ይወስዳል። አዲስ ባትሪ ሆኖ 100 ዋት ጭነት ላይ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ 200 ዋት ላይ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ፣ 300 ዋት ላይ 5 ደቂቃ ገደማ ብላችሁ ያዙት። ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው ከግማሽ በታች እንደሚወርድ ልብ በሉ።

ይሄን ሲሰሙ ቅር የሚላቸው አሉ። ዩፒኤስ ግን ሥራ የምትቀጥሉበት ዕቃ አይደለም። ፋይላችሁን ሴቭ አድርጋችሁ፣ ፕሮግራሙን ዘግታችሁ፣ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ የምታጠፉበት ጊዜ የሚሰጣችሁ ዕቃ ነው፤ ለዚያ 10 ደቂቃ ከበቂ በላይ ነው። አራት አምስት ሰዓት መሥራት ከፈለጋችሁ የምትፈልጉት ኢንቨርተርና 100 ወይም 200 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው። ኢንቨርተር ስትገዙ ዩፒኤስ ሞድ እንዳለው እዩ። ብዙዎቹ ሁለት አቀማመጥ አላቸው፤ በዩፒኤስ ሞድ 10 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ፣ በሌላው 20 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው የሚዞሩት። በሁለተኛው ላይ ከተዋችሁት ኮምፒውተሩ ሊጠፋባችሁ ይችላል፣ ከዚያ ዕቃውን ትሰድባላችሁ።

ቤት ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ደግሞ ትልቁን ተዉት። ሚኒ ዩፒኤስ የሚባል መዳፍ የምታህል ሊቲየም ባትሪ ያላት ዕቃ አለች፣ ራውተሩን በቀጥታ በ12 ወይም በ9 ቮልት ትመግበዋለች። ከመግዛታችሁ በፊት የራውተሩን አዳፕተር ገልብጡና ቮልቱንና አምፒሩን አንብቡ፤ ባለ 9 ቮልት ራውተር ላይ 12 ቢሰካ ይበላሻል። 8800 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የተባለው ቁጥርም የሚሰላው በ3.7 ቮልት ስለሆነ 32 ዋት-ሰዓት ነው፤ 10 ዋት ለሚወስድ ራውተር ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። በፋይበር የምትጠቀሙ ከሆነ ፋይበሩ የሚገባባትን ነጭ ሳጥን አትርሱ፣ ራውተሩ በርቶ እሷ ከጠፋች ኢንተርኔት የለም።

ደረጃ 5፦ ሱቅ ውስጥ የምትፈትሹት

መርካቶም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ሳትፈትሹ አትውጡ። ባለ 100 ዋት ተራ አምፖል፣ ያ ድሮ የምናውቀው ክሩ የሚግለው፣ ከነሶኬቱ ይዛችሁ ሂዱ። ዩፒኤሱ ላይ ይሰካ፣ ከዚያ ሻጩ መስመሩን ያጥፋ። አምፖሉ ሳይጠፋ መቀጠል አለበት። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ቆማችሁ ጠብቁ። ሻጩ ቢሰለችም ይሰልች፣ ብራችሁ ነው።

ስለ ባትሪው ሁለት ነገር ጠይቁ። መቼ ተሠራ? ሊድ አሲድ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ሳይሞላ ከስድስት ወር በላይ ከቆየ ውስጡ መሞት ይጀምራል፤ አዲስ ካርቶን ማለት አዲስ ባትሪ ማለት አይደለም። ሁለተኛው ክብደቱ ነው። ሊድ ከባድ ብረት ነው፣ ደህና ባለ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 2 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። ለብቻው ባትሪ ስትገዙ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ቀሎ ከተገኘ የተጻፈበት ቁጥር ውሸት ነው።

ደረጃ 6፦ አተካከል

ቤት እንደገባ ጭነት ሳይደረግበት 8 ሰዓት ያህል ይሞላ። ግድግዳ ላይ ተጣብቆ፣ መጋረጃ ሥር ወይም ፋይል ካቢኔ ውስጥ አይቀመጥ፤ ዙሪያውን አንድ መዳፍ ያህል አየር ያግኝ።

ጀርባው ላይ ያሉትን መውጫዎች አንብቡ። አንዳንዱ ላይ ግማሾቹ ከባትሪ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ግማሾቹ ደግሞ ከድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ ብቻ የሚከላከሉ ናቸው። ኮምፒውተሩን ከሁለተኛው ላይ ሰክቶ "ዩፒኤሱ አይሠራም" ብሎ ተሸክሞ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል።

ግራውንድ የምንለው የመሬት መስመር ሶኬታችሁ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ዝላይን የሚውጠው ክፍል ትርፉን በከፊል ወደ መሬት ነው የሚልከው፤ መሬት ከሌለ መሄጃ የለውም። በመልቲሜትር በፌዝና በግራውንድ መካከል 220 አካባቢ፣ በኒውትራልና በግራውንድ መካከል ደግሞ ጥቂት ቮልት ብቻ ማንበብ አለባችሁ። ካልሆነ ኤሌክትሪሻን ጥሩ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ግን በየትኛውም ዩፒኤስ አትተማመኑ፣ ዕቃውን ንቀሉ። የዲሽ ኬብልና የመዳብ የስልክ መስመርም ኤሌክትሪክ ይዞ ይገባልና አብሮ ይነቀል። ፋይበሩ መስታወት ስለሆነ በእሱ በኩል አይገባም።

ዩፒኤስ ላይ የማይሰካ ነገር፦ ሌዘር ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ ካውያ፣ የውኃ ማፍያ፣ ፍሪጅ፣ ማሞቂያ። ሌዘር ፕሪንተር ዝም ብሎ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፣ ወረቀቱን የሚያግለው ክፍል ሲነሳ ግን ከ600 እስከ 1000 ዋት በአንድ ጊዜ ይጎትታል፣ ዩፒኤሱም ጮኾ ከነኮምፒውተሩ ይጠፋል። ስቴሽነሪ ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ ለእናንተ ነው። ቤት ውስጥ የኦክስጅን ማሽን የምትጠቀሙ ደግሞ በኮምፒውተር ዩፒኤስ አትመኩ፤ መሣሪያውን የሚያውቅ ባለሙያ የሚመጥን ኢንቨርተር ይምረጥላችሁ፣ ሲሊንደርም በመጠባበቂያ ይኑር።

የቢሮ ኔትወርክ ያላቸው ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። ፋይሉ ያለበት ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ሆኖ ስዊቹ ተራ ዲቫይደር ላይ ከተሰካ፣ መብራት ሲጠፋ መገናኛው ይቆረጣል፤ ከሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ የነበረው የሒሳብ ፋይልም መሃል ላይ ይቀራል። ስዊቹም ይሰካ፣ የምትወስደው ጥቂት ዋት ናት።

ጀነሬተር ያለው ሕንፃ ላይ ከሆናችሁ ዩፒኤሱ "መብራት መጥቷል" ብሎ ሊቀበል ፈቃደኛ ሳይሆን ባትሪ ላይ ሊቀር ይችላል። የጀነሬተሩ ሄርዝ እየተወዛወዘ ስለሆነ ነው። ሴንሲቲቪቲ የሚል ማስተካከያ ካለው ዝቅ አድርጉት። ካልሆነ መፍትሔው ሰፊ የሄርዝ ልዩነት የሚቀበል ኦንላይን ነው።

ደረጃ 7፦ እናንተ በሌላችሁበት ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲጠፋ አድርጉ

ይሄን የሚያደርገው ሰው በጣም ጥቂት ነው፣ ያሳዝነኛል፣ ነፃ ነገር ነውና። ዩፒኤሱ የዩኤስቢ መውጫ ካለው በኬብል ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኙት። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ ልክ እንደ ላፕቶፕ ባትሪ ያየዋል። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ክሪቲካል ባትሪ የሚለውን 30 በመቶ ላይ፣ እርምጃውን ደግሞ ሃይበርኔት (የተከፈተውን ሁሉ ዲስክ ላይ አስቀምጦ የሚጠፋበት) ላይ አድርጉት። ርካሽ ዩፒኤሶች መቶኛውን በደንብ ስለማይገምቱ ነው ከፍ ያደረግኩት። የኤፒሲ ዩፒኤስ ካላችሁ ፓወርሹት የሚባለው የራሱ ፕሮግራም አለው፤ ሊነክስ ላይ ኔትወርክ ዩፒኤስ ቱልስ የሚባለው ብዙ ዓይነት ዩፒኤስ ያውቃል።

ከዚያ ሞክሩት። ፋይሎቻችሁን ዝጉና የክፍሉን ብሬከር አውርዱ። የዩፒኤሱን ሶኬት ከግድግዳ አትንቀሉ፣ ያኔ የመሬት መስመሩም አብሮ ይቋረጣል። ቆማችሁ እዩት፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ኮምፒውተሩ በራሱ ጠፋ ወይ። በየሦስት ወሩ ይሄን ድገሙ። ያ የሒሳብ ቢሮ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ባትሪው መሞቱን ቀድሞ ባወቀ ነበር።

ደረጃ 8፦ ባትሪውን መቀየር

ባትሪው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፣ 25 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ። ሙቀቱ በየ10 ዲግሪ ሲጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፤ ድሬዳዋ፣ ሰመራና ጋምቤላ ያላችሁ ቶሎ ቶሎ ፈትሹ። መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚሞት፣ ወይም መስመር እያለ ያለማቋረጥ የሚጮኽ ከሆነ ባትሪው ሳያልቅ አይቀርም። ካበጠ ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካመጣ ግን አትጠብቁ፣ አጥፉት፣ ንቀሉት፣ መስኮት ክፈቱ።

ለመቀየር ዩፒኤሱን አጥፉና ከግድግዳ ንቀሉ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ፣ ትንሽ ባትሪ ቢመስልም ሁለቱ ጫፎች በብረት ከተገናኙ ያቃጥላል። ከመንቀላችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት። መጀመሪያ ጥቁሩን ከዚያ ቀዩን ንቀሉ፣ ሲገባ ተቃራኒውን። ስትገጥሙ ትንሽ ብልጭታ ብታዩ የተለመደ ነው። አዲሱ ባትሪ በቮልት፣ በመጠንና በጫፉ ስፋት ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ ጫፉ 4.8 ሚሊ ሜትር ወይም 6.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ባትሪ ካለው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሩ፣ አንዱ አሮጌ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። በመጨረሻም ፕላስተር ለጥፋችሁ የቀየራችሁበትን ቀን ጻፉበት።

አሮጌውን እንደ ተራ ቆሻሻ አትጣሉት። ልጅ በሚጫወትበት ግቢም አይቀመጥ። ቆራሌው ቢጠይቃችሁ ደግሞ አስቡበት፤ ተሰብሮ ሊዱ በከሰል እሳት ሲቀልጥ ጭሱ የሚገባው ሰፈር ውስጥ ያለ ልጅ ሳንባ ውስጥ ነው። አዲሱን የሸጠላችሁ ሱቅ አሮጌውን ይቀበል እንደሆነ ጠይቁት፤ ለውጥ አድርገው ዋጋ የሚቀንሱ አሉ።

ዛሬ መግዣው ለሌላችሁ

መብራት ሲሄድ ተነሱና ኮምፒውተሩን፣ ሞኒተሩንና ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፣ ንቀሉት። አንድ አምፖል ብቻ እንደበራ ተዉ። መብራት ሲመጣ እሷ ትነግራችኋለች፤ የሰፈሩ ምጣድና ፍሪጅ ሁሉ ተነስቶ መስመሩ እስኪረጋ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። አምፖሏ ሳትወዛወዝ ከቆየች ያኔ ሰኩ።